የርግብ መረብ ገበያ፦ አንዱ በረንዳውን ሲዘጋ ጎረቤቱ ይከፍላል

በሕንድ የንግድ ከተማ በሙምባይ፣ ዳዳር በሚባለው ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ አንድ የታወቀ የርግብ መመገቢያ አደባባይ አለ። የአገሬው ሰው «ካቡታርካና» ይለዋል፤ የርግብ ቤት ማለት ነው። የከተማው ማዘጋጃ ቤት እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 መጀመሪያ ላይ ይህን ሥፍራ በሸራ ሸፍኖ ዘጋው። ሸራው ሳምንት እንኳ አልቆየም። ኦገስት 6 ቀን፣ ለርግብ እህል መስጠትን እንደ ጽድቅ የሚቆጥሩ ሰዎች ተሰብስበው ቀዳደው ጣሉት።

ክርክሩ በአደባባይና በፍርድ ቤት ሲካሄድ፣ በከተማዋ ፎቆች ላይ ግን ድምፅ የሌለው ሌላ ሥራ ከብዙ ዓመት ጀምሮ ሲሠራ ቆይቷል። በሙምባይ ቀና ብሎ ላየ ሰው በረንዳዎች፣ መስኮቶችና የአየር ማቀዝቀዣ መደገፊያዎች በቀጭን መረብ ተሸፍነው ይታያሉ። መረቡ ለሌባ አይደለም፤ ርግብ እንዳትገባ ነው።

በረንዳ በረንዳ ሲቆጠር ትንሽ የሚመስለው ይህ ወጪ የመረብ ፋብሪካን፣ ጅምላ ነጋዴን፣ ቸርቻሪን፣ ደላላንና ገጣሚን በአንድ ሰንሰለት ያስተሳሰረ ገበያ ፈጥሯል። ይህ ገበያ አንድ የተለየ ጠባይ አለው። ዕቃው በተሸጠ ቁጥር ፈላጊው አይቀንስም። መረብ ርግብን ከአንዱ በረንዳ ያባርራታል እንጂ ከሰፈሩ አያስወጣትም። የተባረረችው ርግብ ጎረቤት ዘንድ ታርፋለች፤ ጎረቤትም በተራው መረብ ፍለጋ ይወጣል። ሂሳቡ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ፎቅን ገደል ያደረገች ወፍ

የከተማ ርግብ የዘር ሐረጓ የሚመዘዘው በገደል ጥርስ ላይ ከምትኖረው የዓለት ርግብ ነው። ዛፍ ላይ መኖርን እምብዛም አትወድም። የምትፈልገው ከፍ ያለ፣ ከዝናብ የተከለለና ጠፍጣፋ የሆነ ቦታ ነው። የዘመኑ መሐንዲስ ሳያስበው ይህንኑ ሠርቶላታል። በረንዳ፣ የመስኮት ደፍ፣ የአየር ማቀዝቀዣ መደገፊያ፣ የቧንቧ መተላለፊያ ክፍተት ለርግብ ሁሉም ገደል ናቸው።

ርግብ ብዙውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ትጥላለች። አሥራ ስምንት ቀን ገደማ ከታቀፈች በኋላ ጫጩቶቹ ይፈለፈላሉ፤ ከዚያ በአንድ ወር አካባቢ ክንፍ አውጥተው ይበርራሉ። መብልና መጠለያ ከተመቻት የፊተኞቹ ጫጩቶች ጎጆውን ሳይለቁ ሌላ እንቁላል ትጥላለች። በዓመት ውስጥ ደጋግማ ትወልዳለች ማለት ነው። ከዚህም በላይ የወለደችበትን ቦታ አትረሳም። መልእክት ለማድረስ ያገለገለችበት የመመለስ ችሎታዋ የበረንዳ ባለቤት ፈተና የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

ሰዎች መጀመሪያ የሚሞክሩት ርካሹን ነገር ነው። የፕላስቲክ ጉጉት ያስቀምጣሉ፤ የሚያብረቀርቅ ሲዲ ያንጠለጥላሉ። ርግቧ ለጥቂት ቀናት ትሸሻለች፤ ጉጉቱ እንደማይንቀሳቀስ ስትረዳ ጎኑ ታርፋለች። ሰው የማይሰማው ድምፅ ያወጣል ተብሎ በየሱቁ የሚሸጠው መሣሪያ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ርግብ ያንን ቀጭን ድምፅ አትሰማም፤ የመስሚያ አቅሟ እንዲያውም በዚህ በኩል ከሰው ያነሰ ነው። ሹል ዘንጎች በጠባብ ደፍ ላይ ይሠራሉ፤ ሰው የሚቀመጥበት በረንዳ ላይ ግን አይሆኑም። በመጨረሻ የሚቀረው መግቢያውን መዝጋት ነው። መረብ ገበያውን የያዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ጉዳቱ የንጽሕና ብቻ አይደለም። የርግብ ኩስ አሲድነት ስላለው ቀለምን፣ ድንጋይንና ብረትን ይበላል፤ የጎጆው ጭራሮም የውኃ መውረጃን ይደፍናል። ከሁሉ የሚብሰው ግን የጤናው ነው። የደረቀ ኩስና የላባ ብናኝ ለረጅም ጊዜ ሲተነፈስ በአንዳንድ ሰዎች ላይ ሃይፐርሴንሲቲቪቲ ኒሞናይቲስ የሚባል የሳንባ ሕመም ያስከትላል። ሐኪሞች ይህን ሕመም በርግብ አርቢዎች ላይ ለይተው ካወቁት ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል። ቶሎ ካልተደረሰበት ሳንባውን ለዘለቄታው ያጠነክረዋል። በኩሱ ውስጥ የሚገኝ ክሪፕቶኮከስ የተባለ ፈንገስም የሰውነት መከላከያቸው ለተዳከመ ሰዎች አደገኛ ነው። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ነገሩ የሚጀምረው በረንዳ ላይ በወደቀች አንዲት ላባ ነው።

በኪሎ ተገዝቶ በካሬ የሚሸጥ ዕቃ

የርግብ መረብ የዓሣ መረብ ታናሽ ወንድም ነው። ጥሬ ዕቃው ፖሊኤቲሊን ወይም ናይለን የተባለ የፕላስቲክ ክር ሲሆን፣ ማሽኑም ሙያውም በአብዛኛው ከዓሣ ማጥመጃ መረብ ፋብሪካ የመጣ ነው። በሕንድ ፑኔ ከተማ የሚገኘው ጋርዌር ቴክኒካል ፋይበርስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ገመድና የዓሣ መረብ የሚያመርት ኩባንያ ሲሆን፣ የወፍ መከላከያ መረብም ከምርቶቹ አንዱ ነው።

ነጋዴ ልብ ሊለው የሚገባው የመጀመሪያ ነገር የመለኪያው ለውጥ ነው። መረብ በጅምላ ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው በኪሎ ነው። በሙምባይ የበረንዳው ባለቤት የሚከፍለው ግን በካሬ ጫማ ነው። በእነዚህ ሁለት መለኪያዎች መካከል የቸርቻሪው ትርፍ ይገኛል፤ የገዢው ኪሳራም ሊደበቅ ይችላል። የክር ክብደት የሚያድገው በውፍረቱ ሳይሆን በውፍረቱ ካሬ ነው። 1.2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ክር ከ0.8 ሚሊ ሜትሩ ጋር ሲነጻጸር ውፍረቱ አንድ ተኩል ጊዜ ነው፤ ክብደቱ ግን 2.25 ጊዜ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ኪሎ ቀጭን መረብ ከአንድ ኪሎ ወፍራም መረብ 2.25 እጥፍ የሚበልጥ በረንዳ ይሸፍናል። በካሬ ለሚሸጥ ሰው ቀጭኑ ያዋጣል። ከታች ቆሞ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለውን የክር ውፍረት በዓይኑ የሚለይ ገዢ ደግሞ የለም።

ሁለተኛው ነገር የመረቡ ዐይን ስፋት ነው። ለርግብ የሚበቃው 50 ሚሊ ሜትር ዐይን ያለው መረብ ነው። ድንቢጥን ለመከልከል 19 ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል። ጠበብ ያለ ሁሉ የተሻለ ይመስላል፤ ዋጋው ግን ሌላ ነው። የቋጠሮውን ትተን ስናሰላ፣ 50 ሚሊ ሜትር ዐይን ያለው አንድ ካሬ ሜትር መረብ 40 ሜትር ያህል ክር ይወስዳል። ዐይኑ 25 ሚሊ ሜትር ሲሆን ክሩ 80 ሜትር ይደርሳል። ችግሩ ርግብ ብቻ የሆነ ሰው ጠባቡን ሲገዛ ለማያስፈልገው 40 ሜትር ክር ይከፍላል፤ የበረንዳውንም ብርሃን ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ለአስመጪ ወጥመድ የሆነ አንድ የልኬት ጉዳይ አለ። የዓሣ መረብ ፋብሪካዎች ዐይኑን ብዙ ጊዜ የሚለኩት መረቡን ስበው፣ ከቋጠሮ እስከ ትይዩ ቋጠሮ ነው። የወፍ መከላከያ ነጋዴዎች ደግሞ የሚለኩት የአንዱን ጎን ርዝመት ነው። በመጀመሪያው ልኬት 50 የተባለው በሁለተኛው 25 ነው። ይህን ሳይጠይቅ ያዘዘ ነጋዴ የፈለገውን ስፋት ሳይሆን እጥፍ ክር የበላ፣ እጥፍ የሚመዝን ዕቃ ከወደቡ ይረከባል። በኪሎ ስለከፈለም ልዩነቱ በቀጥታ ከካፒታሉ ላይ ይነሣል።

ሦስተኛው ፀሐይ ነው። ፕላስቲክ ክርን የሚገድለው ርግብ ሳትሆን የፀሐይ ጨረር ነው። የጨረር መከላከያ ሳይገባበት የተሠራ ክር ከላይ ሲያዩት ደህና ይመስላል፤ በጣት ሲስቡት ግን ይበጠሳል። ናይለን ጠንካራ ቢሆንም ውኃ ይጠጣል፤ እርጥብ ሲሆን ይላላል። ፖሊኤቲሊን ውኃ አይጠጣም ለማለት ይቻላል። ክሩን ጥቁር የሚያደርገው የካርቦን ጥላሸት ጨረርን ስለሚመክት፣ ጥቁር ፖሊኤቲሊን ለመልክ ሳይሆን ለዕድሜ የተመረጠ ነው። ከሩቅ ስለማይታይ ብቻ ተመርጦ የሚገዛው ብርሃን አስተላላፊ የናይለን ክር መከላከያ ካልገባበት ዕድሜው አጭር ነው።

ርካሹ ውድ የሚሆንበትን መንገድ በምሳሌ ማየት ይቻላል። ቁጥሮቹ ለስሌት የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም። የአንድ በረንዳ ቀጭን መረብ 1,000 ብር፣ የገጣሚው ዋጋ ሌላ 1,000 ብር ይሁን፤ መረቡም ሁለት ዓመት ይቆይ። በስድስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ይገጠማል፤ ጠቅላላ ወጪው 6,000 ብር ነው። ወፍራሙ በኪሎ ዋጋው እኩል ቢሆን ለዚያው በረንዳ 2,250 ብር ይፈጃል፤ ከገጣሚው ጋር 3,250 ብር ይሆናል። ስድስት ዓመት ከቆየ ወጪው ከግማሽ ብዙም አይበልጥም። ገዢው የረሳው የመረቡን ዋጋ ሳይሆን ገጣሚው በመጣ ቁጥር የሚከፍለውን ነው።

ጥበቡ ያለው ጠርዙ ላይ ነው

መረብ መዘርጋት ቀላል ይመስላል። በበረንዳ ሥራ ላይ ግን መረቡ ከሚበጠስ ይልቅ ጠርዙ ይላቀቃል። ጥሩ ገጣሚ በመጀመሪያ የበረንዳውን ዙሪያ በግማሽ ሜትር ገደማ ልዩነት ይሰረስራል፤ ፊሸር አስገብቶ ባለ ቀለበት ብሎን ያስራል። በቀለበቶቹ ውስጥ የሽቦ ገመድ ያሳልፍና በማጥበቂያ ይወጥረዋል። መረቡ የሚታሰረው ከዚህ ገመድ ጋር ነው። መረቡን በቀጥታ ከሚስማር ጋር ማሰር ለዛሬ ይሠራል። ነፋስ በመጣ ቁጥር ግን ጭነቱ ሁሉ ጥቂት ዐይኖች ላይ ይወድቃል፤ ከዚያ ይቀደዳል።

3 ሜትር ስፋትና 2.5 ሜትር ከፍታ ያለው በረንዳ ፊቱ 7.5 ካሬ ሜትር፣ ዙሪያው 11 ሜትር ነው። በየግማሽ ሜትሩ አንድ ማሰሪያ ሲገባ 22 ማሰሪያ ይፈልጋል። የሥራው ጊዜ የሚያልቀው በእነዚህ 22 ቀዳዳዎች ላይ ነው። ዋጋ ለማሳነስ የሚፈልግ ገጣሚ መጀመሪያ የሚቀንሰው እነሱን ነው። በመረቡና በግድግዳው መካከል ክፍተት ከቀረ ርግብ ታገኘዋለች። ገብታ መውጫው ሲጠፋባት ደግሞ ታንቃ ትሞታለች፤ ለባለቤቱም ለጎረቤቱም ከቀድሞው የከፋ ነገር ይሆናል።

ብረቱም ዕድሜ አለው። ሙምባይ ባሕር ዳር ያለች፣ ጨዋማና እርጥብ አየር የሚነፍስባት ከተማ ናት። በዚያ ተራ ብረት ቶሎ ይዝጋል፤ ዝገቱም ግድግዳው ላይ ይወርዳል። የማይዝግ ብረት ውድ ቢሆንም የሚመረጠው ለዚህ ነው። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከመረብ ጋር የሚፎካከር ሌላ ዕቃ መጥቷል። ከላይ ወደ ታች በተወጠሩ ቀጫጭን የማይዝግ ብረት ገመዶች የሚሠራ «የማይታይ ፍርግርግ» ነው። ዋጋው ከመረብ በብዙ ይበልጣል፤ ሻጮቹም የሚያቀርቡት ለልጅ ደኅንነትም ያገለግላል በማለት ነው። ገዢ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር ቢኖር የርግብ መረብ ለሰው ክብደት ያልተሠራ መሆኑን ነው። መረብ አለ ብሎ ልጅን በረንዳ ላይ መተው አደጋ ነው።

ሌላው መርሳት የሌለበት የጽዳቱ ቅደም ተከተል ነው። መረቡ ከመዘርጋቱ በፊት እንቁላልና ጫጩት መኖሩ ይታያል። ኩሱ በደረቁ አይጠረግም፤ ብናኙን የሚያስነሣው ይኸው ነው። መጀመሪያ በውኃ ይርሳል፤ ጠራጊውም አፍንጫና አፉን ይሸፍናል። ገጣሚዎች ይህን ክፍል በችኮላ ቢያልፉት ባለቤቱ ቆም ብሎ ሊያሠራቸው ይገባል።

የጎረቤት ሂሳብ

የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች አንድ ሰው ለራሱ ጥቅም የሠራው ሥራ ያልተዋዋለውን ሦስተኛ ሰው ሲጎዳ ለነገሩ የተለየ ስም አላቸው። ለበረንዳ ባለቤት ስሙ አያስፈልገውም፤ ጎረቤቱን ማየት ይበቃዋል። አርባ በረንዳ ባለው ሕንፃ ላይ አንዱ መረብ ሲያስር ርግቦቹ ሠላሳ ዘጠኙን ይከፋፈላሉ። ሃያው ሲያስር የቀሩት ሃያ በረንዳዎች የአርባውን ርግብ ይሸከማሉ። በመጨረሻ ርግቡ ሁሉ የሚሰፍረው መረብ መግዛት ካልቻለው፣ ወይም ቤቱ የራሱ ካልሆነው ሰው ዘንድ ነው።

ተከራይ የሚባለው ወገን እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። በሙምባይ የተለመደው የመኖሪያ ቤት ውል የ11 ወር ነው። የ11 ወር ውል ያለው ሰው ስድስት ዓመት የሚቆይ መረብ የሚገዛበት ምክንያት የለውም። አከራዩም እዚያው ስለማይኖር ጎጆውን አያየውም። ከዚህ የተነሣ ሁለቱም በየበኩላቸው ያዋጣናል ያሉትን ሲያደርጉ ቤቱ ርካሽ መረብ ላይ ይወድቃል። በዓመቱ ሲበጠስ አዲሱ ተከራይ እንደገና ይጀምራል። ደላላ መሃል ገብቶ የመረቡን ወጪ ከኪራዩ ጋር ቢያስማማ ሦስቱም ይጠቀማሉ፤ ይህ ግን በውሉ ላይ አንድ መስመር መጨመርን ይጠይቃል።

በአንድነት መግዛት ሂሳቡን ይለውጠዋል። እላይ በላይ የተደረደሩ አራት በረንዳዎች እያንዳንዳቸው ለብቻ ቢሠሩ 88 ማሰሪያ ይፈልጋሉ። 3 ሜትር ስፋትና 12 ሜትር ቁመት ባለው በአንድ መረብ አብረው ቢሸፈኑ ግን ዙሪያው 30 ሜትር ስለሚሆን 60 ማሰሪያ ይበቃል። ገጣሚውም በገመድ የሚወርደው አንድ ጊዜ ነው። ለእሳት አደጋና ለጥገና የሚከፈት በር መተው እንዳለበት ግን አይዘነጋም። በአንድነት የመግዛት ትልቁ ጥቅም ግን ከብሎን ቁጠባ ይበልጣል። ርግብ ከአንዱ ወደ ሌላው የምትዛወርበት በረንዳ ያንሳል።

ከአደባባዩ እስከ በረንዳው

የመረብ ፈላጊ ብዛት የሚወሰነው በረንዳው ላይ ሳይሆን እህል በሚበተንበት ቦታ ነው። ሙምባይ እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ 12.4 ሚሊዮን ነዋሪ ነበራት። የማሐራሽትራ ክፍለ ግዛት መንግሥት እ.ኤ.አ. በጁላይ 2025 በከተማዋ ያሉት 51 የርግብ መመገቢያዎች እንዲዘጉ ሲያስታውቅ የሰጠው ምክንያት የሕዝብ ጤና ነበር። ለርግብ በአደባባይ እህል የሚበትን ሰውም 500 ሩፒ እንዲቀጣ ተደረገ። የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት የጤናውን ጉዳይ የሚመረምር የባለሙያዎች ኮሚቴ እንዲቋቋም ጠየቀ። ማዘጋጃ ቤቱ በኦክቶበር 2025 መጨረሻ ላይ በአራት ሥፍራዎች፣ ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ብቻ መመገብ እንዲቻል ፈቀደ።

ተቃውሞው ከባዶ የመጣ አልነበረም። ለጄይን እምነት ተከታዮችና ለሌሎችም ሕንዳውያን እንስሳን መመገብ የኖረ ምግባር ነው። ብዙዎቹም ነጋዴዎች ናቸው፤ ከዕለት ትርፋቸው ለርግብ እህል መስጠት የተለመደ ነው። በአንድ በኩል የጽድቅ ሥራ፣ በሌላ በኩል የጎረቤት ሳንባ። ሁለቱንም በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ለዳኛም ለከንቲባም አልቀለለም።

ሌሎች ከተሞች ይህን መንገድ ቀድመው ሄደውበታል። በለንደኑ ትራፋልጋር አደባባይ የርግብ እህል መሸጥ ፈቃድ ያለው ንግድ ነበር። ከንቲባ ኬን ሊቪንግስተን እ.ኤ.አ. በ2001 ሽያጩን አስቆሙ፤ በ2003 በአደባባዩ መመገብ ተከለከለ። ቬኒስም በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ የነበሩትን የእህል ሻጮች እ.ኤ.አ. በ2008 አስቆመች። ሲንጋፖር ርግብ መመገብን በሕግ ከልክላለች፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የጸናው ሕግ ለመጀመሪያ ጥፋት እስከ 5,000 የሲንጋፖር ዶላር ያስቀጣል።

ለሂሳብ ሰው ይበልጥ የሚያስተምረው የስዊዘርላንዷ የባዝል ከተማ ነው። ባዝል ለሃያ ዓመታት በላይ ርግቦችን እያስገደለች ቁጥራቸው ሊቀንስላት አልቻለም። አንዱ ሲሞት የተረፈውን እህል ሌላው ወልዶ ይበላዋልና። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ዳንኤል ሃግ ዋከርናገል የተባሉት የሥነ ሕይወት ተመራማሪ ሌላ መንገድ አቀረቡ። ሕዝቡ እህል መበተኑን እንዲቀንስ በሰፊው ተነገረው፤ ለርግቦቹም እንቁላላቸው የሚሰበሰብበት ቤት ተሠራላቸው። ወደ 20,000 ይገመት የነበረው ቁጥር በአራት ዓመት ገደማ ውስጥ በግማሽ ቀነሰ። ርግብን የሚያበዛት የተበተነው እህል ነው፤ የሚቀንሳትም እሱው ሲቀንስ ነው። መረብ የሚለውጠው የምታርፍበትን አድራሻ ብቻ ነው።

ለአዲስ አበባ ገበያ

አዲስ አበባ ከሙምባይ ጋር የምትነጻጸር የፎቅ ከተማ አይደለችም። ነገር ግን የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. ወዲህ በሺህ የሚቆጠሩ በረንዳዎችን አምጥቷል፤ የግል አፓርታማ ገንቢዎችም ቁመቱን ጨምረውበታል። ርግቧም እንግዳ አይደለችም። በኢትዮጵያ ደጋማ ከተሞች ከተለመደችው የከተማ ርግብ ሌላ፣ ክንፏ ነጠብጣብ ያለበትና በዓይኗ ዙሪያ ቀይ የሆነችው የአገር ርግብ በገደልም በሕንፃ ጥግም ጎጆ ትሠራለች።

አስመጪ የሙምባይን ዕቃ እንዳለ ገልብጦ ማምጣት የለበትም። አዲስ አበባ ጨዋማ የባሕር አየር ስለሌላት የብረቱ ጣጣ ይቀልላታል። ፀሐዩ ግን ይከብዳታል። ከባሕር ወለል በላይ በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ ጨረር 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ለተቀመጠች፣ ለምድር ወገብም ለቀረበች ከተማ ይህ ቀላል ቁጥር አይደለም። ሙምባይ ላይ የሚያዋጣ ቀጭን ክር አዲስ አበባ ላይ ቀድሞ ሊበጠስ ይችላል። ስለዚህ ትዕዛዝ ሲሰጥ አራት ጥያቄዎች በጽሑፍ መመለስ አለባቸው። ዐይኑ የተለካው በጎን ነው ወይስ ተስቦ? የክሩ ውፍረት በሚሊ ሜትር ስንት ነው? የጨረር መከላከያ ገብቶበታል? አንዱ ካሬ ሜትር ስንት ግራም ይመዝናል? የመጨረሻው ጥያቄ የዐይኑንና የክሩን ውፍረት መልስ ለማረጋገጥ ይረዳል፤ ሚዛን አይዋሽምና። የጨረር መከላከያው ግን በሚዛን አይታወቅም።

ደላላም ቤት ሲያሳይ የሚያየው ነገር አለ። መረብ ያለበት በረንዳ መልካም ምልክት ሊሆን ይችላል፤ የሰፈሩን ርግብ ብዛትም ሊናገር ይችላል። መረቡን በጣት ሳብ ማድረግ፣ ከጎንና ከላይ ያሉትን በረንዳዎች ቀና ብሎ ማየት፣ የአየር ማቀዝቀዣ ወይም የውኃ ቧንቧ ጀርባ ኩስ መኖሩን መመልከት የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። የኪራይ ውልን በተመለከተ፣ የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ዝቅተኛውን የውል ዘመን ሁለት ዓመት አድርጎታል። ይህ ከሙምባይ 11 ወር ይሻላል። ሁለት ዓመት እንደሚቀመጥ የሚያውቅ ተከራይ ከአከራዩ ጋር ወጪ ተጋርቶ ደህና መረብ ለመግዛት ምክንያት አለው፤ ማን እንደሚከፍልና ሲለቅ ለማን እንደሚቀር በውሉ ላይ ይጻፍ።

የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 የግልና የጋራ ንብረትን ለይቶ፣ ባለቤቶቹም ማኅበር እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። የበረንዳው ውስጥ የግል ቢሆንም የሕንፃው ፊት የሁሉም ነው። ብሎን የሚገባበት ግድግዳም እንዲሁ። ማኅበሩ የመረቡን ቀለምና አገጣጠም አንድ ጊዜ ከወሰነ፣ ዋጋውንም በጅምላ ከተደራደረ፣ የሕንፃው መልክም አይበላሽም፣ የመጨረሻው ጎረቤትም ብቻውን አይቀርም። ከዚያው ጋር የቆሻሻ ገንዳው እንዲከደንና ፍርፋሪ ከመስኮት እንዳይበተን ማድረግ ዋጋ የማይጠይቅ ግማሽ መፍትሔ ነው።

ከሁሉ ቀድሞ ማሰብ የሚችለው ግን ገና ሥዕሉን የሚያስነድፈው ገንቢ ነው። ጠፍጣፋ የነበረውን የመስኮት ደፍ ከ45 ዲግሪ በላይ አዘንብሎ መሥራት፣ የቧንቧ መተላለፊያውን በወንፊት መዝጋት፣ በረንዳው ዙሪያ ለመረብ የሚሆን ቀለበት ከኮንክሪቱ ጋር ማስገባት በወረቀት ላይ ቀላል ነገር ነው። ሕንፃው ካለቀ በኋላ በገመድ ተንጠልጥሎ መሥራት ግን ሌላ ዋጋ አለው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው።

መረብ ጥሩ ዕቃ ነው፤ በትክክል ከተገዛና ከታሰረ ሥራውን ይሠራል። ለነጋዴም ትርፍ አለው። ነገር ግን በረንዳውን ብቻውን የዘጋ ሰው የገዛው የራሱን ዕረፍት ነው፤ ሂሳቡን የላከው ለጎረቤቱ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለው አባባል ለመረብ ገዢም ይሠራል። አርባው በረንዳ ከተባበረ ርግብን ያለ ጠብ ያሰናብታታል፤ ካልተባበረ ግን የሚያተርፈው ከጎረቤት ወደ ጎረቤት የሚዞረው መረብ ሻጭ ብቻ ነው።